ለውዝ ሲሉ የቱን ለውዝ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ዱባይ ነው። ማዳሜ «ለውዝ ገዝተሽ ነይ» ብላ ላከችኝ። ኦቾሎኒ ይዤ ብመለስ ሳቀችብኝ። ለካ የፈለገችው አልመንድ ኖሯል። ለውዝ ኦቾሎኒ አይደለም እንዴ? ወይስ ቃሉን ያበላሸነው እኛ ነን?

መልስ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። በዐረብኛ «ለውዝ» ማለት አልመንድ ነው፤ በንግግር «ሎዝ» ሲሉም ይሰማሉ። ኦቾሎኒን «ፉል ሱዳኒ» ይሉታል፣ የሱዳን ባቄላ እንደማለት። በእኛ ሰፈር ግን ለውዝ ያለ ሰው ባብዛኛው ኦቾሎኒ ማለቱ ነው። የለውዝ ቅቤ ከምን እንደሚሠራ ማን ይጠይቃል?

ጉዱ የሚመጣው መጽሐፍ ቅዱስ ሲገለጥ ነው። ዘኍልቍ 17 ላይ የአሮን በትር አቆጥቁጣ፣ አብባ፣ ለውዝ አፈራች ይላል። ይህን ሲያነብ ኦቾሎኒ የሚታየው ሰው ጥቂት አይመስለኝም። ኦቾሎኒ ግን ዛፍ ላይ አያፈራም። አበባው ከአፈር በላይ ይፈካል፤ ሲረግፍ ከሥሩ ቀጭን ዘንግ ወጥቶ ወደ መሬት ይወርድና አፈር ውስጥ ይገባል፤ ፍሬው እዚያው ይበስላል። አገሩም ደቡብ አሜሪካ ነው። ኮሎምቦስ በ1492 እ.ኤ.አ. ባሕር ከመሻገሩ በፊት በእኛ በኩል የሚያውቀው አልነበረም። ስለዚህ የአሮን ለውዝ አልመንድ ነው።

ዘፍጥረት 30 ላይ ያዕቆብ የላጠው የለውዝ በትርም ያው ነው። እዚያ ዕብራይስጡ ራሱ «ሉዝ» ይላል፤ የዐረብኛው ለውዝ የሥጋ ዘመድ። እስራኤል ላሉ ወገኖቻችን ግን ሌላ ጣጣ አለ። በዛሬው ዕብራይስጥ «ሉዝ» ሀዘልነት የሚባል ሌላ ፍሬ ሆኗል፤ አልመንድ «ሻኬድ» ነው። አንድ ሥር፣ ሦስት ፍሬ!

ይህ «ሻኬድ» ኤርምያስ 1ን ይፈታልናል። ነቢዩ ምን ታያለህ ሲባል የለውዝ በትር ይላል። እግዚአብሔርም መልካም አይተሃል፣ ቃሌን ልፈጽም እተጋለሁና ይለዋል። በአማርኛ ለውዝና ትጋት ምን አገናኛቸው? በዕብራይስጥ «ሻኬድ» ለውዝ ነው፣ «ሾኬድ» ደግሞ የሚተጋ። ዛፉም ክረምቱ ሳያልቅ ከሌሎች ቀድሞ ያብባል።

አበላሸን ወይ ላሉት፣ አልልም። እንደኔ ግምት አልመንድ በገበያችን ስላልነበረ ስሙ ሥራ ፈት ነበር፤ ኦቾሎኒ ሲመጣ ወሰደው። አሁን አልመንድ በየሱፐርማርኬቱ ስላለ አልመንድ ማለቱ ይሻላል። ደግሞ የሚዛመዱ እንዳይመስልዎ፦ ኦቾሎኒ የባቄላና የሽምብራ ወገን ነው፣ አልመንድ የኮክ። የኮክ ድንጋይ ሲሰበር ውስጡ ያለውን ፍሬ አይተው ያውቃሉ? ቁርጥ አልመንድ ነው፤ ግን መርዝነት ስላለው አይበላም።

ሐኪም ቤት ሲሄዱ «ለውዝ አይስማማኝም» ብቻ አይበሉ። ኦቾሎኒ ይሁን አልመንድ፣ ለይተው ይንገሯቸው።