የውሸት በሽተኛ ድንገተኛ ክፍል ስለማስገባት፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። አሜሪካ ድንገተኛ ክፍል በነርስነት ብዙ አመት ሰርቻለሁ፣ አሁን ኢንፌክሽን መከላከል ላይ ነኝ። ስለ ሲሙሌሽን፣ ማለትም የውሸት በሽተኛ አስገብቶ ሰራተኛው ምን እንደሚያደርግ ስለማየት፣ ብዙ ጥያቄ ስለመጣልኝ እዚሁ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ስልጠና ተሰጥቶ ፈተና ከተፈተነ አይበቃም? የውሸት በሽተኛ ለምን አስፈለገ?

አይበቃም የኔ ወንድም። ፈተና ላይ እኮ ሁላችንም "ትኩሳትና ሽፍታ ካለው መጀመሪያ ማስክ" ብለን እንመልሳለን። ጉዱ የሚታየው ማታ ወረፋው በር ላይ ሲደርስ፣ ስልኩ ሲጮህ፣ አምቡላንስ ሲገባ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ሽፍታ በሜካፕ ተስሎለት፣ ትኩሳት አለብኝ ከጉዞ በቅርብ ነው የተመለስኩት የሚል ታሪክ ይዞ፣ ተረኞቹ ሳያውቁ ይገባል፣ ሌላ ሰው ደግሞ ጥግ ላይ ተቀምጦ ሰዓት ይይዛል።

ኒውዮርክ ከተማ በፈረንጆቹ ከ2015 መጨረሻ እስከ 2016 አጋማሽ 49 ሆስፒታሎች ላይ 95 ጊዜ ይሄን አድርጋለች፣ ከፊሉ ኩፍኝ ከፊሉ ሜርስ (ሳንባን የሚያጠቃ ተላላፊ የቫይረስ በሽታ) በሚመስል በሽተኛ። ማስክ ተሰጥቶት ለብቻው ክፍል የገባው 78 ከመቶ ነው። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነው፦ "ከየት ነው የመጣኸው፣ ተጉዘህ ነበር?" ተብሎ በተጠየቀበት ጊዜ 88 ከመቶው ማስክ ተደርጎለት ለብቻው ክፍል ገብቷል፣ ካልተጠየቀ 21 ከመቶ ብቻ! አንዲት ጥያቄ ናት በቃ። እጅ ማጽዳቱማ 36 ከመቶ ነበር፣ ያውም የሰለጠኑ ሰዎች።

ጥያቄ፦ ለምን ድንገተኛ ክፍል ላይ ብቻ ታተኩራላችሁ?

ማንም የማያውቀው በሽታ መጀመሪያ የሚገባው በዛ በር ስለሆነ ነው። 2015 ላይ ሴኡል አንድ ሜርስ ያለበት ሰውዬ ትልቅ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ሁለት ሶስት ቀን ተኝቶ ነበር፣ ሜርስ መሆኑን ያወቀ ሰው አልነበረም፣ ከሱ ብቻ 82 ሰው ተያዘ፣ በሽተኛው አስታማሚው ሰራተኛው። አስታማሚ እንደኛው አገር አልጋው ስር በሚውልበት ቦታ የሆነ ነው፣ ለዛ ነው እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ።

ጥያቄ፦ አንቺ ራስሽ ያየሽው ክፍተት ምን ነበር?

የሆስፒታሉን ስም አልጠራም። የመጀመሪያው ልምምዳችን ላይ የውሸቷ በሽተኛ እያሳለች መስኮቱ ጋ ቆመች፣ መዝጋቢዋ ማስክ ልትሰጣት ፈለገች፣ ካርቶኑ ግን ከኋላዋ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ነው፣ ወንበር ላይ ካልወጣች አትደርስበትም። እስክታወርደው በሽተኛዋን "ቁጭ በይ" አለቻት፣ እሷም ሄዳ አንዲት ልጅ ካቀፈች እናት አጠገብ ቁጭ አለች። ልጅቷ የእውነት የሰው ልጅ ነበረች፣ የልምምዱ ተዋናይ አልነበረችም፣ ያቺን ሰዓት ሳስብ አሁንም ሆዴ ይላወሳል። ለብቻ መሆኛ ክፍሉ ደግሞ ትርፍ አልጋና ዊልቸር ተከምሮበት ተገኘ። መዝጋቢዋ ጥፋት የለባትም፣ እቃውን እዛ ያስቀመጥነው እኛ ነን። በነጋታው ካርቶኑን በሩ ላይ በሽተኛው ራሱ የሚደርስበት ቦታ አደረግነው፣ ምንም ወጪ የለውም።

ጥያቄ፦ ጓንትና ጋውን ካደረግን ግን ችግር የለም አይደል?

አወላለቁ ላይ ነው ችግሩ። አሜሪካ በተደረገ አንድ ጥናት ጓንትና ጋውን ላይ በልዩ (አልትራቫዮሌት) መብራት ሲታይ የሚያበራ ቅባት ቀብተው 435 ጊዜ አስወልቀዋቸው፣ 46 ከመቶው ላይ ቆዳቸው ወይ ልብሳቸው ተነክቶ ተገኘ። እኛም ስንሞክረው የክፍሉ መብራት ጠፍቶ በልዩው መብራት ስናይ የአንዱ ዶክተር አንገትና የባጁ ገመድ ሲያበራ ሁሉም ዝም አለ። መቶ ስላይድ ያላስተማረውን ያቺ ደቂቃ ታስተምራለች።

ጥያቄ፦ ሰራተኛውን አያሸማቅቅም? እኛ ጋ ቢሆን ወዲያው ደሞዝ ይቆረጣል።

ከተቆረጠማ ልምምዱ ባይደረግ ይሻላል፣ ከዛ በኋላ ሰው ይደብቃል። እኛ ጋ ሪፖርቱ ላይ የሰው ስም አይጻፍም፣ ልምምዱ እንዳለቀ እዛው ቆመን አስር ደቂቃ እናወራለን፣ "ምን አስቸገረሽ" ነው የምንለው። የተረኛው ሃላፊ ብቻ ቀድሞ ያውቃል፣ ክፍሉ ከተጨናነቀ ወይ የውሸቷ በሽተኛ መርፌ ልትወጋ ከሆነ ወዲያው ያስቆመዋል። እውነተኛ በሽተኛ በኛ ልምምድ ምክንያት መጠበቅ የለበትም።

ጥያቄ፦ ሀገር ቤት ጤና መኮንን ነኝ፣ በጀት የለንም፣ ምን ላድርግ?

ወንድሜ አንተ ጋ ይበልጥ ያስፈልጋል፣ ኩፍኝ ሁሌም አለ፣ 2025 ላይ ደግሞ ጂንካ ማርበርግ (እንደ ኢቦላ ያለ ገዳይ የቫይረስ በሽታ) ገብቶ አይተናል። ከበሩ ጀምር፣ በሽተኛውን መጀመሪያ የሚያየው ጥበቃው ነው፣ ቀጥሎ ካርድ ክፍል፣ ነርሷ ጋ እስኪደርስ ስንት ሰው ጋ ተጋፍቷል? ጥበቃውንም ካርድ ክፍሏንም ልምምዱ ውስጥ አስገባቸው። አንድ የስራ ባልደረባህን በሽተኛ አድርገህ ሰዓት በስልክህ ያዝ፣ ከበር እስከ ማስክ፣ ከማስክ እስከ ለብቻው ክፍል ስንት ደቂቃ እንደወሰደ ጻፍ፣ ከወር በኋላ ድገመው። ለእጅ መታጠብ የልጆች የውሃ ቀለም ግዛ፣ ጓንት አድርገው አይናቸውን ጨፍነው ቀለሙን እንደ ሳሙና ይሹት፣ ሲገልጡ አውራ ጣታቸውና የጣታቸው ጫፍ ቀለም ሳይነካው ቀርቶ ታየዋለህ። ውሃ በሌለበት ቀን ምን እንደሚያደርጉም ጠይቃቸው፣ ባልዲውና አልኮሉ የት እንዳለ በእጃቸው ያሳዩህ እንጂ በአፍ አይንገሩህ።