ኢቭ ኦንላይንን ሳይተኩሱ መጫወት፦ ጥያቄና መልስ

የህዋ ጌም ይወዳሉ፣ ከሌላ ተጫዋች ጋር መታኮስ ግን አይፈልጉም። እንዲህ ያሉ ሰዎች ብዙ ሰው በኢንተርኔት አብሮ ስለሚጫወተው የህዋ ጌም፣ ስለ ኢቭ ኦንላይን፣ ጥያቄ ሲያዥጎደጉዱልኝ ሰንብተዋል። እኔም የምጫወተው በንግድ፣ በማምረትና በማዕድን ቁፋሮ ስለሆነ ብትጠይቁኝ ደስ ይለኛል። የቻልኩትን እነሆ።

ጥያቄ፦ ከሰው ጋር ሳይዋጉ መጫወት በእርግጥ ይቻላል?

አንድም ሰው ላይ ሳትተኩስ ዓመታት መጫወት ትችላለህ። ሌላው እንዳይተኩስብህ የሚከለክል ቁልፍ ግን የለም። የአይስላንዱ ሲሲፒ በ2003 ጌሙን ሲያወጣው ጀምሮ ሕጉ ይኸው ነው፤ ከጣቢያ ከወጣህ ሊመቱህ ይችላሉ። ያንተ ሥራ መመታትህ ለአጥቂው ኪሳራ እንዲሆን ማድረግ ነው። አዳኞቹ ሒሳብ ይሠራሉ። ሒሳቡ ካላዋጣቸው አልፈውህ ይሄዳሉ።

ጥያቄ፦ «ሃይሴክ ሰላም ነው» ተብዬ ገብቼ መርከቤ ፈነዳች። ፖሊሶቹ የት ነበሩ?

መጥተዋል፤ የመጡት ግን አንተ ካለቀልህ በኋላ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ስለሚሳሳት ዘርዘር ላድርገው።

እያንዳንዱ ሲስተም (አንድ ኮከብና ፕላኔቶቹ) የደህንነት ቁጥር አለው። ከ1.0 እስከ 0.5 ያለው ሃይሴክ ነው። ከ0.4 እስከ 0.1 ሎውሴክ ይባላል። ከዚያ በታች ያለው ኑልሴክ ሕግ አያውቅም። በሃይሴክ ያለ ፈቃድ የተኮሰብህን ሰው መርከብ ኮንኮርድ የሚባለው ኃይል ያጠፋዋል። ማምለጫ የለውም። ኮንኮርድ ግን ቅጣት ሰጪ እንጂ ዘበኛ አይደለም። ለመድረስ ጊዜ ይፈጅበታል፤ በ1.0 ሲስተም ጥቂት ሰከንድ፣ በ0.5 ደግሞ ወደ 20 ሰከንድ ገደማ።

ጋንከሮች፣ ማለትም መርከባቸውን መሥዋዕት አድርገው ሰው የሚመቱ አዳኞች፣ የሚኖሩት በዚያች 20 ሰከንድ ውስጥ ነው። ካታሊስት የሚባል ርካሽ የጦር መርከብ (ዲስትሮየር) ይዘው በቡድን ይመጣሉ። አንዱ ቀድሞ ጭነትህን ስካን ያደርጋል። ሌላው እንዳታመልጥ ዋርፕህን (በፍጥነት ርቆ መሄጃህን) ያግዳል። ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ ይተኩሳሉ። መርከቦቻቸው እንደሚጠፉ ያውቃሉ፤ ወጪው አስቀድሞ ተቆጥሯል። አንተ ስትፈነዳ ከጭነትህ በግምት ግማሹ ሳይቃጠል ይተርፋል። እሱን የሚለቅም ሌላ ሰው አጠገብ ቆሞ ይጠብቃል።

ስለዚህ ጭነትህ ከመርከብህ ጥንካሬ ጋር ይመጣጠን። ቀጭን መርከብ ላይ ሀብትህን ሁሉ ጭነህ በኡዌዳማ በኩል ካለፍክ፣ ግብዣውን የላክኸው አንተ ነህ። ኡዌዳማ ወደ ትልቁ ገበያ ወደ ጂታ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ የ0.5 ሲስተም ነው፤ ለጋንከሮች የታወቀ ማድፈጫ።

ጥያቄ፦ ማዕድን ለመቆፈር የትኛው መርከብ ይሻላል? ሁሉም ሪትሪቨር ይለኛል።

ሪትሪቨር ሆዱ ሰፊ ስለሆነ ለሰነፍ ይመቻል፤ ቶሎ ቶሎ ወደ ጣቢያ አያመላልስህም። ቆዳው ግን ስስ ነው። እኔ ፕሮኪውረር እልሃለሁ። የሚይዘው ያነሰ ነው፣ ግን ለመስበር ብዙ ካታሊስት ይፈልጋል። አዳኙ የአስትሮይድ ቀበቶው (ማዕድን የሚቆፈርበት ቦታ) ላይ አንድ ፕሮኪውረርና ሦስት ሪትሪቨር ካየ ወደ ማን እንደሚሄድ ግልጽ ነው። የመከላከያ ሞጁሎቹን ማስገባት እንዳትረሳ። ሙሉውን ምርት በሚጨምር ዕቃ የሚሞላ ሰው አያለሁ፤ ከዚያ ያለቅሳል።

አንድ ነገር ልጨምር። ስክሪኑ ፊት ተቀምጠህ ቆፍር። ጌሙን ከፍቶ ፊልም የሚያይ ሰው ቀላል ሲሳይ ነው።

ጥያቄ፦ ሎካል ቻት (በሲስተሙ ያሉትን ሰዎች ስም የሚዘረዝረው መስኮት) ላይ ማን እንደገባ ማየት ይበቃኛል?

በሃይሴክ ብዙ ሰው ስለሚመላለስ ስም ብቻ ማየት አይጠቅምም። የታወቁ ጋንከሮችን ኮንታክት ላይ በቀይ መዝግባቸው፤ ሲገቡ ዝርዝሩ ላይ ዓይንህን ይወጉታል። ከዚያ ዲስካን የሚባል መቃኛ አለ። እስከ 14.3 ኤዩ (አንድ ኤዩ የምድርና የፀሐይ ርቀት ነው) ድረስ ያለውን መርከብ ያሳይሃል። ብዙ ካታሊስት ባንድ ጊዜ ብቅ ካለ አትጠይቅ፣ ውጣ። ወርምሆል በሚባሉት በተሰወሩ ቀዳዳዎች በሚገባባቸው ሲስተሞች ውስጥ ደግሞ ሎካል ቻት ሰው ካልተናገረበት ስሙን አያሳይም፤ እዚያ ዲስካን ካልተጠቀምክ ዓይነ ስውር ነህ።

ጥያቄ፦ አውቶፓይለት ላይ አድርጌ ሻይ ላፍላ?

ባዶ መርከብ ከሆነ አፍላ። ጭነት ካለህ አይሆንም። አውቶፓይለት ከሲስተም ወደ ሲስተም የሚያሻግረው በር ላይ አያደርስህም፤ ራቅ አድርጎ ይጥልህና ቀሪውን እየተንፏቀቅክ ትሄዳለህ። አንተን ለመምታት የሚያመቸው ያኔ ነው። በእጅህ ብትነዳ በቀጥታ በሩ ላይ አርፈህ ወዲያው ትዘላለህ። ዘለህ ስትወጣ ደግሞ ካልተንቀሳቀስክ ለአንድ ደቂቃ ያህል አትታይም። ዙሪያህን የምታይባት ደቂቃ ናት፣ ተጠቀምባት።

ጥያቄ፦ ከጣቢያ ሳልወጣ ገንዘብ መሥራት እችላለሁ? ሴት ነኝ፣ ልጆች አሉኝ፣ ጊዜዬ የተቆራረጠ ነው።

እህቴ፣ ላንቺ የሚሆነው ንግድ ነው። ጂታ ሂጂ። የፕላኔት 4 ጨረቃ 4 ጣቢያ የጌሙ ትልቁ ገበያ ነው። በዝቅተኛ ዋጋ የግዢ ትዕዛዝ ታስገቢያለሽ፣ ዕቃው ሲገባልሽ ከፍ አድርገሽ ትሸጫለሽ። ጠዋት አሥር ደቂቃ፣ ማታ አሥር ደቂቃ ይበቃል። አካውንቲንግና ብሮከር ሪሌሽንስ የሚባሉትን ክህሎቶች ቶሎ አሠልጥኚ፤ ታክሱንና የደላላ ክፍያውን ይቀንሱልሻል። ክህሎት ደግሞ ጌሙን ዘግተሽም ይሠለጥናል።

ዕቃ ማጓጓዝ ካስፈለገ ራስሽ አትውጪ። የኩሪየር (የማጓጓዣ) ኮንትራት አውጪና ኮላተራሉን (አጓጓዡ የሚያስይዘውን ገንዘብ) የዕቃው ሙሉ ዋጋ አድርጊው። አጓጓዡ መንገድ ላይ ቢፈነዳ ኮላተራሉ ላንቺ ይገባል። ጂታ ላይ «ብር ላኪልኝ፣ እጥፍ አድርጌ እመልሳለሁ» የሚልሽ ሁሉ ሌባ ነው። ኮንትራት ከመቀበልሽ በፊት ደግሞ የዋጋውን ዜሮዎች ቁጠሪ።

ጥያቄ፦ ኮርፖሬሽን (ተጫዋቾች የሚሰባሰቡበት ማኅበር) ብገባ ጦርነት ይታወጅብኛል?

ጀማሪዎች የሚመደቡበት የጌሙ የራሱ ኮርፖሬሽን ላይ ጦርነት ማወጅ አይቻልም። በተጫዋቾች ኮርፖሬሽን ላይ ደግሞ ጦርነት የሚታወጀው ህዋ ላይ የራሱ ስትራክቸር (ጣቢያን የመሰለ ግንባታ) ካለው ነው። ስለዚህ ከመግባትህ በፊት ይህንን ጠይቅ። «ፍሬንድሊ ፋየር ሕጋዊ ነው ወይ?» ብለህም ጠይቅ። ሕጋዊ ከሆነ የገዛ ጓደኞችህ ቢመቱህ ኮንኮርድ ዝም ይላል።

ጥያቄ፦ «ፈሪ» ይሉኛል።

ይበሉ። የሚያፈነዱትን መርከብ የሚሠራላቸው ማን ሆነና? ማዕድኑን የሚቆፍር፣ የሚያመርት፣ ገበያ የሚያደርስ ሰው ባይኖር በማግስቱ ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። እውነቱን ለመናገር ግን እኛም ያለ እነሱ አንኖርም። መርከብ ካልፈነዳ ማን ይገዛናል?

ጥያቄ፦ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ሰለቸኝ። ሌላ ጌም የለም?

አለ። ኤሊት ዴንጀረስ ሶሎ የሚባል ሞድ አለው። ጋላክሲው ከሌሎቹ ጋር አንድ ነው፣ ሰው ግን አያገኝህም። ኖ ማንስ ስካይ ላይ ደግሞ የተጫዋቾችን ውጊያ ከሴቲንግ ታጠፋዋለህ። ሁለቱም ቆንጆ ናቸው። የኢቭን ገበያ የመሰለ ግን እዚያ አላገኘሁም፤ እኔን ያስቀረኝ እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ጣቢያ በር ላይ አንድ ሰው ደጋግሞ የዱዌል (የአንድ ለአንድ ፍልሚያ) ግብዣ ይልክልኛል። ምን ላድርግ?

አትቀበል። ከተቀበልክ ኮንኮርድ አይገባበትም። ሴቲንግ ውስጥ የዱዌል ግብዣን በራሱ ውድቅ የሚያደርግ ምርጫ አለ፣ አብራው። ሴፍቲህንም አረንጓዴ ላይ ተወው፤ የሌላ ሰው ስብርባሪ ውስጥ ያለ ዕቃ በስህተት አንስተህ ሁሉም ሊመታህ የሚችል ተጠርጣሪ እንዳትሆን ይከለክልሃል።