ለሮክ ዘፋኝ ማልቀስ ኃጢአት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? ከ16 ዓመቴ ጀምሮ የእንግሊዛዊው የሮክ ዘፋኝ የኦዚ ኦስበርንና የባንዱ የብላክ ሳባዝ አድናቂ ነኝ። አባቴ የሞተ ጊዜ ሰው ፊት ማልቀስ አቅቶኝ ነበር። ማታ ማታ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ የኦዚን ዘፈን በጆሮ ማዳመጫ እየሰማሁ ነው ያለቀስኩት። ኦዚ ሲያርፍ ያ ሁሉ ተመለሰብኝ። ምግብ አስጠላኝ፤ ሁለት እሁድ ሳላስቀድስ ቀረሁ። አብሮኝ የሚያገለግል ወንድም «ለሰይጣን አምላኪ ታለቅሳለህ?» አለኝ። እናቴም «ለማን ነው የምታለቅሰው?» ብላ ስትጠይቀኝ መልስ አጣሁ። ማልቀሴ ኃጢአት ነው? ለነፍሱስ መጸለይ እችላለሁ? ፎቶው ፊት ሻማም አብርቼ ነበር።

መልስ፦ ወንድሜ፣ በመጀመሪያ እግዚአብሔር ያጽናህ። ይህን የምልህ ለወጉ አይደለም። ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት፤ ሐዘንህ የእውነት ሐዘን ነው።

ማልቀስህ ኃጢአት አይደለም። ጌታችን አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ እንኳ እንባውን አፍስሷል። ቅዱስ ጳውሎስም ለተሰሎንቄ ሰዎች ሲጽፍ ተስፋ እንደሌላቸው ሰዎች እንዳያዝኑ ነገራቸው እንጂ ጭራሽ አትዘኑ አላላቸውም።

ያንተን ነገር ሳስብ ግን ወደ ልቤ የመጣው ሌላ ታሪክ ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 ላይ ጣቢታ የምትባል ደግ ሴት በኢዮጴ ሞተች። ጴጥሮስ ተጠርቶ ሰገነቱ ላይ ሲወጣ መበለቶቹ ከበቡት። ምን እንዳደረጉ ታስታውሳለህ? እያለቀሱ ጣቢታ የሰፋችላቸውን ቀሚስና ልብስ አሳዩት። እስቲ ቦታው ላይ ሆነህ አስበው። አንዷ እጅጌውን ትዘረጋለች፣ ሌላዋ የቀሚሷን ጫፍ ይዛ «ይሄን እኮ እሷ ናት የሠራችልኝ» ትላለች። ለሟች ማልቀስ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። የሰጠንን ነገር በእጃችን ይዘን እናሳያለን። ጴጥሮስም «ስለ ጨርቅ ታለቅሳላችሁ?» ብሎ አልተቆጣቸውም።

ኦዚ በተወለደባት የእንግሊዝ ከተማ በበርሚንግሃም የተደረገለትን ሽኝት በቪዲዮ አይቼዋለሁ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 30 ቀን 2025 አስከሬኑ በብሮድ ስትሪት ሲያልፍ ሕዝቡ ዳርና ዳር ቆሞ ስሙን ይጠራ ነበር። በባንዱ ስም የተሰየመው ድልድይ ላይ፣ የአራቱ አባላት ምስል ያለበት አግዳሚ ወንበር አጠገብ አበባው ተከምሮ ነበር። ባለቤቱ ሻሮን በልጆቿ ተደግፋ አበባ ስታኖር አለቀሰች። ጥቁር ቲሸርት የለበሱ ፀጉራቸው የሸበተ ወንዶችም ነበሩ። እኔ እነሱን ሳይ ኢዮጴ ትዝ አለችኝ። እነሱም የተሰጣቸውን ይዘው የቆሙ ናቸው። አንተን ያለበሰህ ደግሞ ያ ብርድ ልብስ ውስጥ የሰማኸው ዜማ ነው።

«ጣቢታ እኮ ደግ ክርስቲያን ነበረች፤ እሱስ?» ትለኝ ይሆናል። እንግዲያው ዳዊትን ተመልከት። ሳኦል ዳዊትን በየበረሃው ሊገድለው ያሳደደው ንጉሥ ነው። ሲሞት ግን ዳዊት የእስራኤልን ሴቶች «በቀይ ልብስ ላስጌጣችሁ ለሳኦል አልቅሱለት» አላቸው። በዚያ ሙሾ ውስጥ የሳኦል ክፋት አንድም ቦታ አልተነሣም። ዳዊት ክፋቱን ረስቶት አይደለም። የልቅሶ ቀን የክስ ቀን ስላልሆነ ነው።

ያ ወንድም የተናገረህ ከቅንዓት ነው፤ አትቀየመው። ግን የማያውቀውን ነው የፈረደው። ኦዚ «የጨለማው ልዑል» በሚል ቅጽል ይጠራ ነበር። ለጨዋታም ቢሆን ይህን ስም አልወደውም፤ ክርስቲያን ሊሸከመው አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1982 መድረክ ላይ የሌሊት ወፍ ራስ ነክሷል፤ የላስቲክ መስሎኝ ነበር ብሏል። መጠጥና አደንዛዥ ዕፅ ለዓመታት አሠቃይተውታል፤ እሱም አልደበቀውም። በሌላ በኩል የባንዱ አባላት አንገታቸው ላይ ያደርጉት የነበረውን የብረት መስቀል የሠራላቸው የገዛ አባቱ ነው። መስቀል ማሰር ብቻውን ማንንም አያጸድቅም። ግን የሰው ነገር በአንድ ቃል እንደማያልቅ አይተህ ዝም በል። ጳውሎስ «በሌላው ሎሌ የምትፈርድ አንተ ማን ነህ?» ይላል። ሎሌው የጌታው ነው።

ደግሞ አንድ ነገር ልንገርህ። ያረፈበት ጁላይ 22 በእኛ ሐምሌ 15 ነው፤ የቅዱስ ኤፍሬም ሶርያዊ ዕረፍት የሚታሰብበት ቀን። ምሥጢር ልፈልግበት አይደለም። ቅዱስ ኤፍሬም ግን መናፍቃን ትምህርታቸውን በዜማ ሲያሰራጩ ቢያይ በዜማ ነው የመለሰላቸው። ዜማ ስብከት የማይደርስበት ቦታ እንደሚደርስ ያውቅ ነበር። አባትህ የሞተ ጊዜ የደረሰብህም ይኸው ነው። ያኔ ከእኛ መካከል መጥቶ አጠገብህ ቁጭ ያለ ሰው አለመኖሩ ከልቤ ያሳዝነኛል።

ስለ ጸሎቱ፦ ጸሎተ ፍትሐት ቤተ ክርስቲያን በእምነቷ ላረፉ ልጆቿ የምታደርሰው ሥርዓት ነው። ካህን ጋ ሄደህ ለእሱ ፍትሐት አድርስልኝ አትበል። በቤትህ፣ በግል ጸሎትህ ግን «አቤቱ፣ እንደ ቸርነትህ» ብለህ ነፍሱን ለእግዚአብሔር አደራ መስጠትን የሚከለክልህ የለም። ለሚስቱና ለልጆቹም መጽናናትን ለምን።

የፎቶውን ነገር ግን አስተካክል። ሻማ የምናበራው በሥዕለ አድኅኖ ፊት ነው። የእሱን ፎቶ ከዚያ አጠገብ አታስቀምጥ። አልበምህ ውስጥ ይሁን፣ ግድግዳህም ላይ ስቀለው፤ የጸሎት ቦታህ ላይ ግን አይሁን። ያደረግኸው ባለማወቅ ነውና ከዚህ በላይ አትጨነቅበት። ዘፈኖቹንም ሁሉንም እንዳለ አትቀበል፤ ግጥሙን አዳምጥና ለነፍስህ የማይሆነውን ተወው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ምግቡና ሁለቱ እሁዶች ናቸው። መጽሐፈ ሲራክ ለሞተ ሰው አልቅስ፣ አምርረህ አልቅስ ይላል፤ ከዚያ ግን ተጽናና፣ ልብህን ለሐዘን አትስጥ ብሎ ይመክራል። ስለዚህ ዛሬ ብላ። እሁድ ተነሥተህ አስቀድስ። እንቅልፉና ምግቡ ካልተመለሰ ደግሞ ሐኪም አማክር፤ ይህ የእምነት ማነስ አይደለም። ደግሞም የምታለቅሰው ለኦዚ ብቻ አይመስለኝም። አባትህን ገና አልቅሰህ አልጨረስክም። ለእሱም ጸልይ።

በበርሚንግሃሙ ቪላ ፓርክ ስታዲየም ያቀረበውን የመጨረሻውን ዝግጅት አይተኸው ይሆናል፤ ሊሞት 17 ቀን ሲቀረው ማለት ነው። ፓርኪንሰን የሚባለው ሰውነትን የሚያንቀጠቅጥ በሽታ አድክሞት መቆም አቅቶት ዙፋን ላይ ተቀምጦ ነው የዘፈነው። ገቢው ለፓርኪንሰን ሕሙማንና ለታመሙ ሕፃናት እንዲውል ነበር የተዘጋጀው። አንተም በእሱ ስም ልታደርገው የምትችለው ነገር እንዲህ ያለ ነው። እጁ የሚንቀጠቀጥ አንድ ሽማግሌ ሄደህ ጠይቅ፤ ውኃውን ያዝለት።

ለእናትህም ጥያቄ መልስ አለ። እሷም ባሏን ያጣችው በዚያው ሰሞን ነው፤ አንተ ብርድ ልብስ ውስጥ ምን ስትሰማ እንደነበር ግን አታውቅም። ዛሬ ማታ አጠገቧ ቁጭ በል። የማዳመጫውን አንዱን ጫፍ ስጣትና ያን ዘፈን አሰማት።