ከባሕር ዳር ጎንደር ጠላ እየቀመሳችሁ ለምትሄዱ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። ከጓደኞችህ ጋር ባሕር ዳር ላይ መኪና ከነሹፌሩ ተከራይታችሁ፣ እስከ ጎንደር በየከተማው የቤት ጠላና ጠጅ እየቀመሳችሁ መሄድ አስባችኋል። የሆቴሉን ነገር ሌላ ሰው ይንገርህ። እኔ ያቃጠለኝን ልንገርህ።

1. ውሉ ላይ «ሹፌሩ በጉዞው ወቅት አይጠጣም» ተብሎ ይጻፍ። የቃል ነገር አይሠራም። ያከራየን ቢሮ፣ ስሙን ልተወው፣ «ሹፌራችን ጨዋ ነው፣ አታስቡ» ብሎን ነበር። ጨዋስ ጨዋ ነው፤ ሰው ሲጋብዘው እምቢ ማለት አይሆንለትም። ሐሙሲት ላይ የጠላ ቤቱ ባለቤት «ለመንገድ» ብላ ሰጠችው፣ ጠጣ። እኛ ስንከፍል ደገመ። ወረታ ስንቃረብ ወሬው በዝቶ መሪው በአንድ እጅ ሆኗል። አስቁመን ቁልፉን ተቀበልነውና ቢሮ ደወልን። ስልኩን ያነሳችው ልጅ ምን ብትል ጥሩ ነው? «ጠላ ደግሞ መጠጥ ነው እንዴ?»

አይ እህቴ! ደህና አድርጎ የተጠመቀ ጠላ ከጠርሙስ ቢራ አያንስም። ጣሳው ደግሞ ትልቅ ነው፣ ማን ይቆጥረዋል? ወረታ አደርን። አልጋው ከኪሳችን፣ የዚያን ቀን ኪራይም አልተመለሰልንም። ኃላፊው ጭራሽ «ያጠጣችሁት እናንተ ናችሁ» ብሎ አፈጠጠብን። ይኸው እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ለሹፌሩ ጠጅ ቤት ስትገቡ ብርዝ እዘዙለት። ያልፈላ ማርና ውሃ ነው፣ በብርሌ ስለሚቀርብ ከእናንተ አልተለየሁም ይላል። ግን ብርዝ መሆኑን ራሳችሁ ቅመሱለት።

2. ጠላው። እንጨት ላይ ጣሳ የተደፋበት ደጅ ካያችሁ ጠላ ቤት ነው፤ ዝም ብላችሁ ግን አትግቡ። «ጋኑ መቼ ተከፈተ?» በሉ። እኔ ጠላ ጠማቂ ቤት ስላደግሁ ይህን ጥያቄ ስጠይቅ ሴቶቹ ወዲያው ያውቁኛል፣ ቅራሪ ሊያቀርቡልኝ አይሞክሩም። እንግዳ ከመሰልክ ግን ከጋኑ ሥር በውሃ የተደገመውን ቀጭኑን ይሰጡሃል። ያልጠለለ ጉሽ ከመጣም ተዉት፤ ራስ ምታቱ ጎንደር ድረስ ይከተላችኋል። ጥሩ ቤት ውስጥ አሳላፊዋ መጀመሪያ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ራሷ ትቀምሳለች። እንዲህ ስታደርግ ካየኋት ሌላ አልጠይቅም፣ እቀመጣለሁ። ጋኑ በወይራ የታጠነ ከሆነ ገና ሳትጠጣው ጭሱ አፍንጫህ ላይ ይመጣል። አሹቅ ካለ እዘዙ።

ፎገራ ሜዳ ላይ ሩዝ ስለሚመረት በሩዝ የሚጠምቁም አሉ። ቅመሱት፤ ለእኔ የገብሱን አያህልም፣ ግን ልጆቹ ወደውታል።

ጊዜ ካላችሁ ከመነሳታችሁ በፊት ዘጌ ብቅ በሉ። በመኪናም በጀልባም ይደረሳል። ሰው ሁሉ ለገዳማቱና ለቡናው ነው የሚሄደው፤ ጌሾውን ግን ልብ አይለውም። ጠላውንም ጠጁንም መራራ የሚያደርገው ያ ቅጠል እዚያው ከቡናው ጋር ይበቅላል። ጀልባ ከሆነ ዋጋውን ሳትሳፈሩ ጨርሱ፤ መሐል ሐይቅ ላይ ክርክር አይመችም።

3. ጠጅ ላይ ብዙ አልልም። በስኳር የተሠራ ሞልቷል፣ በማግስቱ ራሳችሁ ይነግራችኋል። ዳሸንን ደግሞ ጎንደር ስትገቡ በአገሩ ጠጡት፣ ለእሱ የእኔ ምክር አያስፈልግም።

መንገዱ ክፍት መሆኑን በዕለቱ ጠዋት መናኸሪያ ጠይቁ፣ የትናንት ወሬ አትመኑ። ርቀቱ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በየጠላ ቤቱ እየቆማችሁ ግን ቀኑን ይበላዋል። ስለዚህ በጠዋት ውጡ፣ ሳይመሽ ግቡ። ውሉን ከመፈረምህ በፊት ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ የሹፌሩን ነገር በምን ቃል እንደጻፉት አይልሃለሁ።