ጀሪካኑ ለምን ይፈሳል?

ከኮምቦልቻ አንድ ወጣት እንዲህ ሲል ጠይቆኛል፦ «ጋሼ፣ ለሰፈራችን ቦኖ 20 ሊትር ጀሪካን ሞልቶ ራሱ የሚዘጋ መቆጣጠሪያ ሠራሁ። አርዱዊኖ ኡኖ (በኮድ የሚታዘዝ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ)፣ የውሃ ፍሰት ሴንሰርና በሪሌይ (በኤሌክትሪክ በሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) የሚሠራ ቫልቭ አለው። ውሃ ሲያልፍ ሴንሰሩ የሚልከውን ፐልስ (አጭር የኤሌክትሪክ ምት) የምቆጥረው በኢንተረፕት፣ ማለትም ቺፑ የያዘውን ሥራ አቋርጦ እንዲቆጥር በማድረግ ነው። ግን ብዙ ጊዜ ጀሪካኑ ይፈሳል። ፓምፑ ሲነሳ ደግሞ ሳይሞላ ይዘጋል። ኮዱን ልኬልዎታለሁ።»

አብሽር፣ ሥራህ ጥሩ ነው። ተሸክመኸው ወደ ደሴ የሚወስደውን የሐረጎን ዳገት መውጣት አያስፈልግህም፤ እዚያው ይስተካከላል። ብቻ በሽታው ሁለት ነው፣ መድኃኒቱም ለየቅል።

መፍሰሱ ከኮድህ ነው። ኢንተረፕቱ የሚጠራው ፈንክሽን (የኮድ ክፍል) ውስጥ ቁጥሩን ትጨምራለህ፣ በሲሪያል (በዳታ መላኪያው መስመር) ትልካለህ፣ ጀሪካኑ መሙላቱን ትፈትሻለህ፣ ቫልቩንም እዚያው ትዘጋለህ። ይሄ ሁሉ እዚያ ምን ይሠራል?

ሴንሰሩ የተገናኘበት ፒን 2 ላይ ፐልስ ሲመጣ ቺፑ የጀመረውን ትእዛዝ ይጨርሳል። የነበረበትን አድራሻ ያስቀምጥና ወደ ፈንክሽንህ ይዘላል። እዚያ እስካለ ድረስ ሌላ ኢንተረፕት አያስተናግድም። በመሃል አዲስ ፐልስ ቢመጣ ምልክት አድርጎ ያቆይልሃል፤ ግን አንድ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ የመጣው ጠፋ ማለት ነው።

በቁጥር እንየው። ዋይኤፍ-ኤስ201 ሴንሰርህ በሊትር 450 ፐልስ አካባቢ ይሰጣል። ጀሪካኑ በአንድ ደቂቃ ከሞላ፣ በሰከንድ 150 ፐልስ ነው። በየ6.7 ሚሊሰከንዱ አንድ ይመጣል። በሲሪያሉ 9600 ቢት በሰከንድ ፍጥነት ግን አንድ ፊደል መላክ ብቻ 1 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጃል፣ የአንተ መስመር ደግሞ ከ15 ፊደል ያልፋል። የመላኪያው ቋት ሲሞላ ፈንክሽንህ ቆሞ ይጠብቃል። ፐልሱ ያመልጣል፣ ውሃው ግን መውረዱን አያቆምም።

ስለዚህ እዚያ ውስጥ በአንድ መጨመር ብቻ ይቅር። ሌላውን ሁሉ ወደ ሉፑ (እየተደጋገመ ወደሚሠራው ዋና ኮድ) አውጣው። ሉፑ ውስጥ ያለውን የግማሽ ሰከንድ ዲሌይም (ቆመህ ጠብቅ የሚለውን ትእዛዝ) አጥፋው፤ ቆጠራውን ባይነካም የቫልቩን መዘጋት እስከ 75 ፐልስ ያዘገያል። ጓደኛህ «ፈንክሽኑ ውስጥ ዲሌይ ጨምር» ያለህን ደግሞ ጭራሽ አትስማው። ዲሌይ የሚለካበት ሰዓት ራሱ በኢንተረፕት ነው የሚሄደው።

ቆጠራውን የሚይዘውን ቫሪያብል «ቮላታይል» (በመሃል ሊለወጥ ስለሚችል ሁሌም እንደ አዲስ ይነበብ) ማለትህን አይቻለሁ፣ ጎሽ! ግን አይበቃም። የኡኖ ቺፕ 8 ቢት ስለሆነ ባለ 16 ቢት ቁጥር የሚያነበው በሁለት ከፍሎ ነው። ቁጥሩ 8959 ላይ እያለ ግማሹን ካነበበ በኋላ ኢንተረፕት ገብቶ 8960 ቢያደርገው፣ ሉፑ 9215 ብሎ ሊያነብ ይችላል። 9000 (የ20 ሊትሩ ፐልስ) አለፈ ብሎ ይዘጋል። የሚጎድለው ውሃ ትንሽ ነው፣ መንስኤውን ፍለጋ ግን ያሳብዳል። ከማንበብህ በፊት በ«ኖኢንተረፕትስ» ዝጋ፣ ቁጥሩን ወደ ሌላ ቫሪያብል ቅዳ፣ ወዲያው በ«ኢንተረፕትስ» ክፈት።

ፓምፕ ሲነሳ አለጊዜው መዝጋቱ ግን ከኮድ አይመስለኝም። ሽቦህን ነው የምጠረጥረው። ቫልቩን ዝጋና ፓምፑን አስነሳ። ውሃ ሳያልፍ ቁጥሩ ከጨመረ፣ እየቆጠርክ ያለኸው መብራቱን ነው። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ በሰከንድ 50 የውሸት ፐልስ ከገባ ጀሪካኑ 15 ሊትር ላይ ይዘጋል።

የቺፑ የውስጥ ፑልአፕ (የሲግናሉን መስመር ወደ 5 ቮልት የሚስበው ሬዚስተር) ከ20 እስከ 50 ኪሎ ኦም ስለሆነ ለረጅም ሽቦ ደካማ ነው። ከሲግናሉ ወደ 5 ቮልቱ 4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አስገባ። ሱቅ ካጣህ ከተበላሸ ቴሌቪዥን ቦርድ ላይ ንቀል። የሴንሰሩን ሽቦ ከፓምፑ ሽቦ አርቀህ ዘርጋ። ሪሌዩ ኮይል ላይ ዳዮድ ከሌለ እሱንም ጨምር።

ይሄን ከጨረስክ በኋላ 450 የሚለውን አትመነው፤ የፋብሪካ ግምት ነው። ባዶ ጀሪካን ሚዛን ላይ አስቀምጥ፣ 20 ኪሎ ውሃ እስኪገባ ሙላ፣ የቆጠረውን አይተህ በ9000 ምትክ አስገባ። ግፊት በሚቀንስበት ሰዓትም ድገመው፤ ፍሰቱ በደቂቃ ከ1 ሊትር ከወረደ ሴንሰሩ በትክክል አይቆጥርም።