የቡሬው በርበሬ ለምን ከበደ?

ጥያቄ፦ ይድረስ ለጋሼ። ጤና ይስጥልኝ። ፍኖተ ሰላም አማርኛ አስተምራለሁ። ባለፈው ዓመት አንድ የወንጀል ልብ ወለድ በራሴ ገንዘብ አሳትሜ ነበር። ባሕር ዳር የተፈጸመ ግድያ የሚያጣራ የአንድ ኢንስፔክተር ታሪክ ነው። አንባቢዎች ወደውታል፤ መንገድ ላይ እያስቆሙ «ክፍል ሁለት መቼ ነው?» ይሉኛል። አሁን ጀምሬዋለሁ። በዚህኛው ኢንስፔክተሩ ከአደንዛዥ ዕፅ አዘዋዋሪዎች ጋር ይገጥማል። ነጭ ዱቄት ከቡሬ በርበሬ ጋር ተጭኖ ዓባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ ይገባል። ኢንስፔክተሩ እኩለ ሌሊት ላይ መጋዘኑን ሰብሮ ይገባል። የመኪናውን ረዳት ይዞ ይደበድበዋል። ልጁ ያምናል፤ በማግሥቱ ዋናው ሰውዬ ይያዛል። ጠበቃ ጓደኛዬ ይህን አንብቦ «ሰውዬህ በነጻ ይወጣል» አለኝ። እውነቱን ነው? እርስዎ መርማሪ ስለነበሩ፣ የቱን ላስተካክል?
መምህሩ፣ ከፍኖተ ሰላም

መልስ፦ መምህር፣ ጓደኛህ እውነቱን ነው።

መጀመሪያ ሌሊቱን እንይ። እኔ ዕድሜዬን የሠራሁበት የ1954ቱ የሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 33 የብርበራን ሰዓት ይወስናል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ነው። ከዚያ ውጭ የሚገባው ፍርድ ቤቱ በትዕዛዙ ላይ ለይቶ ሲፈቅድ ነው። እጅ ከፍንጅ የተያዘ ሰው ሲሸሽ ተከትለህ ቤት ብትገባ ሌላ ነገር ነው። ያንተ ኢንስፔክተር ግን ማንንም እያሳደደ አይደለም። ጥቆማ ደርሶት ነው የሄደው። ስለዚህ የብርበራ ትዕዛዝ ያውጣ። ንጋትንም ይጠብቅ።

ታሪኩን ላቀዘቅዝብህ ፈልጌ አይደለም። መጋዘኑን ከሩቅ እያየ የሚያድር ሰው አስብ። ትዕዛዙ ኪሱ ውስጥ ነው። ብርዱ አጥንት ይገባል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ግቢው ውስጥ የመኪና ሞተር ይነሳል። ይውጡ ይሆን? በሩን ከፍተው ወደ ደጀን ቢነዱትስ? እኔ እንደዚህ ያደርኩባቸው ሌሊቶች አሉ። በሩን ሰብሮ መግባት ከዚያ ይቀላል።

ሲነጋም ብቻውን አይገባም። ደረጃ ምስክር ይዞ ነው የሚገባው። ከሰፈሩ የተጠሩ፣ የተገኘውን በዓይናቸው አይተው የሚፈርሙ ሰዎች ማለት ነው። አንዲት እናት ትዝ ይሉኛል። ጠላ እየጠመቁ ሳለ ነው የጠራናቸው። መጻፍ አይችሉም፤ በጣት አሻራ ነው የፈረሙት። ግን እያንዳንዱን ዕቃ በእጃቸው እየነኩ ቆጠሩ። ከወራት በኋላ ፍርድ ቤት ቀርበው አንዷንም ሳያዛንፉ ተናገሩ። የተከሳሹ ጠበቃ ሦስት ጊዜ ሊያምታታቸው ሞከረ። «ልጄ፣ የነካሁትን እኮ ነው የምነግርህ» አሉት። መጽሐፍህ ውስጥ እንደሳቸው ያለ ሰው የለም። ሁሉም ሽጉጥ የታጠቀ ነው።

አሁን ወደ ዱላው ልምጣ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው እንዲያምን አይገደድም ይላል። በማስገደድ የተገኘ ማስረጃም ተቀባይነት የለውም። ሕጉ ይኸው ነው። ግን በሕጉ ብቻ አላልፈውም።

ገና ጀማሪ ሳለሁ አንድ ረዳት ያዝን። 18 ዓመት ቢሆነው ነው። ጭነቱ የማን እንደሆነ አያውቅም፤ የሚያውቀው ደላላውን ብቻ ነበር። አንድ ባልደረባዬ ደበደበው። እኔ እዚያው ክፍል ውስጥ ነበርኩ። አላስቆምኩትም። ልጁ የተባለውን ሁሉ አመነ። ስም ጥራ ሲባል አፉ ላይ የመጣለትን ጠራ። ፍርድ ቤት ሲቀርብ ሸሚዙን ገልጦ ጀርባውን አሳየ። ዳኛው ቃሉን አልተቀበሉትም። እኛ ደግሞ ልጁ አምኗል ብለን ሌላ ማስረጃ አልፈለግንም ነበር። የጭነቱ ባለቤት እስከ መጨረሻው አልተገኘም። ያ ጀርባ ግን እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። መምህር፣ አንተ ይህን በጀግንነት ጽፈኸዋል። እባክህ አትጻፈው። አንባቢህ አብዛኛው ወጣት ነው፤ ነገ ከመካከላቸው ፖሊስ የሚሆን አለ። ኢንስፔክተሩ የግድ መምታት አለበት ካልክ፣ ዋናው ሰውዬ በዚያ ምክንያት ያምልጠው።

ታዲያ ያለ ዱላ እንዴት ይያዛል? እዚህ ላይ አገርህ ይረዳሃል። ግን መጀመሪያ ዕፁን ለይ። «ነጭ ዱቄት» ብለህ አልፈኸዋል። ኮኬይን ከሆነ መንገዱ ተገልብጦብሃል። ኮካ የሚበቅለው ኮሎምቢያ፣ ፔሩና ቦሊቪያ ነው። እኛ ጋ የሚደርሰው በአብዛኛው በአውሮፕላን ነው፤ ቦሌ ላይ በሻንጣም በሆድም ተይዞ ይገኛል። ከቡሬ ተነስቶ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድበት ምክንያት የለውም። ካናቢስ አድርገው። አገር ውስጥ ይበቅላል፤ በጭነት መኪናም ይጓዛል። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 525 ማምረቱን፣ ማጓጓዙን፣ ማከማቸቱን ሁሉ ይይዛል። ሹፌሩም ባለመጋዘኑም ከዚያ አንቀጽ አይወጡም።

አሁን በርበሬውን ተመልከት። ደረቅ በርበሬ ጆንያ ይሞላል እንጂ አይከብድም። ተጠቅጥቆ የታሰረ ቅጠል ግን ይከብዳል። ይህን ከሁሉ በፊት የሚያውቀው ማነው? ጫኝና አውራጁ ነው። ትከሻው ሚዛን ነው። አርባ ጆንያ ተሸክሞ አርባ አንደኛው ላይ ጉልበቱ ሲታጠፍ ያውቃል። ዝም ይላል፤ የቀን ሥራው ነው፤ ልጆች አሉት። ያንተ ኢንስፔክተር ይህን ሰው ማግኘት አለበት። በማስፈራራት ሳይሆን ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ፣ ቀን ወስዶ። «ሰሞኑን በርበሬው ምነው ከበደ?» ብሎ ጫኙ ራሱ የሚናገርበትን ምዕራፍ ጻፍልኝ። ክፍል ሁለት በሙሉ ከዚያች ዓረፍተ ነገር ሊወጣ ይችላል።

ከተያዙ በኋላ ደግሞ ሰዓት ይቆጥራል። በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ማቅረብ አለበት፤ የመንገዱ ጊዜ አይቆጠርም። መርማሪው ጊዜ ቀጠሮ፣ ማለትም ምርመራውን እስኪጨርስ ሰውየውን ማቆያ ተጨማሪ ቀን፣ ይጠይቃል። በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ አይሰጠውም። በዚህ መሐል ናሙናው ታሽጎ አዲስ አበባ ለምርመራ ይሄዳል። አንተ ይህን ሁሉ በሁለት መስመር ዘለኸዋል። እሽጉን ጭኖ የዓባይን በረሃ የሚወርድ ሳጅን ስጠኝ። ከፊቱ ከባድ መኪኖች ፍሬን ፍሬን እየሸተቱ ጠመዝማዛውን ይወርዳሉ። አዲሱ ድልድይ ላይ ሲደርስ እሽጉን አንዴ ዳሰስ ያደርገዋል። ውጤቱ በ14 ቀን ካልመጣ ችሎት ምን ብሎ ይቆማል?

ኤግዚቢት ክፍሉንም፣ የተያዘው ዕቃ በማስረጃነት የሚቀመጥበትን፣ አትርሳው። አንድ እውነተኛ ታሪክ ልንገርህ። እ.ኤ.አ. በ1962 የኒውዮርክ ፖሊሶች ከፈረንሳይ በመኪና አካል ውስጥ ተደብቆ የገባ ብዙ ሄሮይን ያዙ። ጉዳዩ «ፍሬንች ኮኔክሽን» ተብሎ በዓለም ታወቀ። ዕፁ ፖሊስ ግምጃ ቤት ተቀመጠ። በ1972 ከረጢቶቹን ነፍሳት ሲበሏቸው ታየ። ሄሮይንን ነቀዝ አይበላውም፤ ዱቄትን ግን ይበላዋል። ለካ ሄሮይኑ ወጥቶ በቦታው ዱቄት ተተክቶ ነበር። ነቀዝ ምን እንደሚያደርግ ላንተ አልነግርህም፤ ጎተራ ያለው ቤት ሁሉ ያውቀዋል። ያንተ ኢንስፔክተር ያሸገውን ጆንያ ከወር በኋላ ሲያነሳው ቢቀልለውስ? ያኔ ጠላቱ መጋዘን ውስጥ አይደለም፤ አጠገቡ ነው ያለው።

በዚያው ጉዳይ ላይ ተመሥርቶ በ1971 ፊልም ተሠርቷል። በ1975 ክፍል ሁለት ተከተለ። ክፍል ሁለት ላይ ደራሲዎቹ መርማሪውን ከሚያውቀው ኒውዮርክ አውጥተው ማርሴይ ወሰዱት። ቋንቋ አያውቅም፤ የሚሰማው የለም። አዘዋዋሪዎቹ ይዘው በግድ ሄሮይን ይወጉታል፤ ሱሰኛ ይሆናል። ያንን ቅዳ እያልኩህ አይደለም። ግን አየህ፣ የተኩሱን ብዛት አልጨመሩም። ሰውዬውን ነው የነኩት። ያንተ ኢንስፔክተር ባሕር ዳርን እንደ እጁ መዳፍ ያውቃታል። በክፍል አንድ መጨረሻ ጓደኛውን ቀብሯል። ክፍል ሁለት ሲጀምር ግን እንዳልቀበረ ሰው ነው የሚስቀው። አምጣው ወደ ደጀን፣ ማንም ወደማያውቀው። እንቅልፍ ይጣ። የሟቹን ሚስት በዓል ሲደርስ ይጠይቅ፤ ልጆቹ ፊት ምን እንደሚል ይጥፋው።

የጫኙን ምዕራፍ ስትጨርስ ላክልኝ። መነጽሬን አድርጌ ቃል በቃል አነበዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኛ ሰፈር ጫት የሚተክል ገበሬ ብዙ ነው። ልቦለድ ውስጥ ጫት የጫነ መኪና ፖሊስ ሲያሳድድ አነበብኩ። ጫት በሕግ አደንዛዥ ዕፅ ነው?
ከባሕር ዳር ዙሪያ

መልስ፦ በእኛ አገር አይደለም። ጫት ተተክሎ በገሐድ ይሸጣል፤ ወደ ውጭ ተልኮም ለአገር የውጭ ምንዛሪ ያመጣል። ፖሊስ መኪናውን ሊያስቆመው የሚችለው ቀረጥ ካልከፈለ ወይም ኬላ ከሸሸ ነው። ሌላ አገር ግን ነገሩ ይለያል። ለምሳሌ እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2014 ከልክላዋለች። ዘመድ ልትጠይቂ ስትሄጂ «ለሰላምታ» ብለሽ ጥቂት እንኳ እንዳትይዢ። እኔ በግሌ ጫት ትምህርቱን ያስጣለው ልጅ በቤተሰቤ አለ፤ ስለዚህ ሕጉ ፈቀደ ማለት ጉዳት የለውም ማለት እንዳይመስልሽ።

ጥያቄ፦ የመምህሩን ክፍል አንድ አንብቤዋለሁ፤ በጣም ነው የወደድኩት። ግን መጨረሻው ላይ ኢንስፔክተሩ ተሹሞ «ኮማንደር» ይባላል። እንዲህ ይዘለላል እንዴ?
ከዳንግላ

መልስ፦ ጥሩ አይተሃል። ከኢንስፔክተር በላይ ዋና ኢንስፔክተር አለ። ቀጥሎ ምክትል ኮማንደር፣ ከዚያ ኮማንደር ነው። በአንድ ግድያ ሦስት ደረጃ የወጣ ሰው እኔ አላየሁም። መምህር፣ ይህንንም ካነበብክ፣ በክፍል ሁለት ዋና ኢንስፔክተር አድርገው። ማዕረጉን ያደረጉለት ዕለት የሟች ጓደኛው እናት ተጋብዘው ቢመጡ ደግሞ ደስ ይለኛል።