የትኛው ክረምት ነው ያሉኝ?

ጥያቄ፦ ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ሊትል ኢትዮጵያ ውስጥ ምግብ ቤት አለኝ። ፊልም ሠሪዎች መጥተው ሦስት ቀን ሙሉ ፓርኪንጉን ዘጉብኝ፤ ገበያዬ ቀዘቀዘ። ፈቃዱን የሰጣቸውን ሲቲ መክሰስ እችላለሁ? ደግሞ ደጃፌ ያለው የመንገድ መብራት ከጠፋ ቆይቷል። ለከተማው የአገልግሎት ስልክ፣ 311፣ ስንቴ ደወልኩ መሰለዎት! ክረምት ላይ ማታ ዘግቼ ስወጣ ወድቄ እጄ ተሰብሯል። መብራቱን መቼ ነው የሚሠሩልን?

መልስ፦ እህቴ፣ የፊልሙን ቶሎ ልጨርሰው። የካሊፎርኒያ ሕግ ከተማን ፈቃድ በመስጠቱ ብቻ ተጠያቂ ማድረግን በአብዛኛው ይከለክላል። ፈቃዱን የሚያስተባብረው ፊልም ኤልኤ የሚባለው ድርጅት ነው፤ ቅሬታዎን ለእሱ በጽሑፍ ያቅርቡ። ኪሳራውን መደራደር ያለብዎት ከፊልም ኩባንያው ጋር ነው። ከንቲባ ካረን ባስ በ2025 ቀረጻን የሚያቀል መመሪያ ስለፈረሙ ፊልም ሠሪ ይቀንስልኛል ብለው አይጠብቁ። አንድ ነገር ግን ልጠይቅዎ። ያን ሰሞን ፊልም ሠሪዎቹ ጥቂት ዶላር ሰጥተው፣ ካሳ አልጠይቅም የሚል ወረቀት አስፈርመውዎታል? ከፈረሙ፣ ሳያሳዩኝ ሌላ ነገር አይጻፉላቸው።

አሁን ወደ ዋናው። የገበያውን ነገር በሰፊው ጻፉልኝ፤ የተሰበረ እጅዎን ግን በአንድ መስመር አለፉት። በዚያች መስመር ውስጥ ደግሞ ቀን የለም። «ክረምት ላይ» ብቻ ነው ያሉት። የትኛው ክረምት? የአገር ቤቱ፣ ከሰኔ እስከ ጳጉሜ ያለው? ወይስ የሎስ አንጀለሱ ዊንተር፣ ከዲሴምበር እስከ ማርች ያለው?

ቀልድ እንዳይመስልዎ። ከተማን ወይም ሌላ የመንግሥት አካልን ለአካል ጉዳት ለመክሰስ፣ ከክሱ በፊት በስድስት ወር ውስጥ በጽሑፍ የካሳ ጥያቄ ማስገባት ግድ ነው። ሰዉ «ክሌም» የሚለው ይኸው ነው። ደብዳቤዎ የደረሰኝ በኤፕሪል ነው። የወደቁት በጃንዋሪ ከሆነ ጊዜ አለዎት። በአገር ቤቱ ክረምት ከሆነ ግን ስድስቱ ወር አልፏል።

ደንበኞቼ የሚወድቁበት ጉድጓድ ይኼ ነው። የ311 ቁጥሮቻቸውን በወረቀት ደርድረው ይመጣሉ። «ይኸው፣ አሥር ጊዜ አመልክቻለሁ» ይሉኛል። 311 መደወል አምፖሉ እንዲታይ መጠየቅ ነው እንጂ ክሌም አይደለም። አሥር ጊዜ ቢደውሉም የስድስት ወሩ ቆጠራ አይቆምም። ለምክር ቤት አባልዎ ቢሮ መንገርም እንደዚሁ። ክሌሙ የሚገባው ለከተማው ክለርክ ጽሕፈት ቤት ነው፤ ቀኑ፣ ቦታው፣ የሆነው ነገርና ጉዳቱ ተጽፎበት። ይህን ሳያውቁ ዓመት የሚያልፍባቸው አሉ፤ ያሳዝናል።

እንዲያም ሆኖ የ311 ቁጥሮቹን አይጣሉ። ከተማው ችግሩን አስቀድሞ ያውቅ እንደነበር ያስረዱልዎታል።

ስድስቱ ወር አልፎ ከሆነስ? ዓመት ሳይሞላ፣ ዘግይቼ ላቅርብ ብሎ ማመልከት ይቻላል። ግን በቂ ምክንያት ያስፈልጋል፤ «ሕጉን አላውቅም ነበር» ብቻውን ብዙ ጊዜ አያድንም። ስለዚህ ዛሬውኑ ለጠበቃ ይደውሉ። ክሌሙ ከገባ በኋላ «ውድቅ ሆኗል» የሚል ደብዳቤ ቢመጣም ተናደው አይቅደዱት። ፍርድ ቤት ለመሄድ ያለዎት ሌላ ስድስት ወር የሚቆጠረው ከዚያ ደብዳቤ ነው።

ሌላም ያልነገሩኝ አለ። የጣለዎት ምንድን ነው? ጨለማ ብቻውን አይጥልም። የካሊፎርኒያ ፍርድ ቤቶችም ከተማ መንገድን ሁሉ የማብራት አጠቃላይ ግዴታ የለበትም ብለዋል። የተሰነጠቀ የእግረኛ መንገድ ነበር? የዛፍ ሥር? ወይስ የፊልም ሠሪዎቹ ገመድ? ሁለቱን ጉዳይ በአንድ ደብዳቤ ስላመጡልኝ ጠረጠርኩ። ገመዱ ከሆነ ተከሳሹ ኩባንያው ነው፤ ጊዜውም በአብዛኛው ሁለት ዓመት ነው። ግምቴ ስለሆነ ግን አይመኩበት። ከተማውም ኩባንያውም በክሱ ሊገቡ ይችላሉና በአጭሩ ቀን፣ በስድስት ወሩ፣ ይሥሩ።

መብራቱ መቼ ይሠራል ላሉት፣ ቀን ልሰጥዎ አልችልም። ከተማው ከ220,000 በላይ የመንገድ መብራት አለው። ብዙው አርጅቷል፤ የመዳብ ሽቦውን ሌባ ይቆርጠዋል። ለመብራት ከንብረት ባለቤቶች የሚሰበሰበው ክፍያም አብዛኛው ከ1996 ጀምሮ ለአሥርት ዓመታት ሳይጨምር ቆይቷል፤ ያን ዓመት በሕዝብ ድምፅ የጸደቀው የካሊፎርኒያ ሕግ፣ ፕሮፖዚሽን 218፣ ያለ ባለንብረቶች ድምፅ ጭማሪ አይፈቅድም። የኪራይ ውልዎ ይህን ክፍያ በቀጥታ እርስዎ ላይ ከጣለው፣ ተከራይም ድምፅ ሊኖረው ስለሚችል ውሉን ያንብቡት።

ለጠበቃው የድንገተኛ ክፍሉን ወረቀት ይዘው ይሂዱ፤ ቀኑ እዚያ ላይ አለ። የወደቁበትን ቦታ ሳይጠገን ዛሬ ማታ ፎቶ ያንሱ፤ ስንጥቅ ከሆነ ማስመሪያ አጠገቡ ያስቀምጡ። የፈረሙት ወረቀት ካለም አይርሱ።